ዳዊት አፌ ላይ ሆኖ የሚስቴ ስም ጠፋኝ

መጀመሪያ የጠፋኝ አንድ ቃል ነበር። ግንቦት ውስጥ ነው፤ ከወረታ ትንሽ ወጣ ብላ ባለችው ደብራችን ግቢ፣ ዋርካው ሥር ተቀምጬ የቅኔ ተማሪዎቼን እሰማለሁ። አንዱ ቅኔውን ሲጨርስ ላርመው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል ያሰብኩት አልነበረም። ደግሜ ሞከርኩ። ግእዝም አማርኛም ያልሆነ ነገር ወጣ። መቋሚያዬ ከቀኝ እጄ ወደቀ።

ተማሪዎቼ አንገታቸውን ደፍተው ያሰላስሉ ጀመር። የቅኔ ተማሪ መምህሩ የማይገባ ነገር ሲናገር አልገባኝም ብሎ ሞኝ መምሰል አይፈልግም፤ ሰሙን ትቶ ወርቁን ያስሳል። ያን የተምታታ ንግግሬን ረቂቅ ምሥጢር አደረጉት። አንዱማ «የኔታ፣ ወርቁን ሳላገኘው አልቀርም» ብሎ ተነሣ። እኔ እርዱኝ እያልኩ ነበር። የደነገጡት ከአፌ ጥግ ምራቅ ሲፈስ ነው። ዛሬ ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ዕለት ግን አፈርኩ። በቃል ስከበር ኖሬ ቃል አዋረደኝ።

በባጃጅ ወረታ አደረሱኝ፤ ከዚያ በአምቡላንስ ባሕር ዳር። ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ባለቤቴን አበሩን አስቀምጣ ነገረቻት።

«ኢስኬሚክ ስትሮክ ነው። ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ተዘግቷል። እጃቸው በፊዚዮቴራፒ ይሻሻላል። የንግግሩ ቦታ ግን ተጎድቷል፤ አፌዥያ ይባላል።»

«ልባቸውስ? ያውቁናል?» አለች አበሩ።

«ያውቃሉ። የጠፋባቸው ቃሉ ነው።»

አበሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፊቴን አየች። «እኔ ማን ነኝ?» አለችኝ። አውቃታለሁ። ልጆቼን የወለደችልኝ ናት። ስሟ የለም። «ውኃ» አልኩ። ሌላ ቃል ፈለግኩ። «ውኃ» አልኩ። ተነሥታ ውኃ ቀዳችልኝ። ጠጣሁ። አለቀስኩ።

ቤት ከገባሁ በኋላ በግራ እጄ ወደ ዳዊቴ ጠቆምኩ። አምጥተው ጭኔ ላይ አደረጉልኝ። ገለጥኩት፣ አፌም ተከፈተ፤ መዝሙሩ ከመጀመሪያው አንድ ቃል ሳይጎድል ፈሰሰ። አበሩ እልል አለች። ጎረቤቱ «የየኔታ አፍ ተፈታ» አለ። ከይፋግ ድረስ ዘመድ መጣ። «ለሰው ዝም ብለው ለፈጣሪ ብቻ ይናገራሉ» የሚል ወሬ ተነዛ፤ ሰው እየመጣ ጸልዩልኝ ይለኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ውኃ ሲጠማኝ «በር» እላለሁ። ቅዱስ አይደለሁም፣ በሽተኛ ነኝ እንዳልላቸው ቃሉ ከየት ይምጣ? የማይገባኝን ክብር ታቅፌ ተቀመጥኩ።

ግቢያችን ውስጥ ሐና የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች የአማርኛ መምህርት ተከራይታ ትኖራለች። አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ ዳዊት ስደግም ስትሰማ ቆየችና፣ ሰው ሁሉ እስኪሄድ ጠብቃ ቀስ ብላ ተናገረች።

«የኔታ፣ የገለጡት ገጽና የሚሉት መዝሙር አይገናኙም።»

አየሁት። ገጽ ሳልገልጥ ቆይቻለሁ። አፌ በልጅነቴ የተማረውን ብቻውን ይዞ ይሄዳል፤ ዓይኔ ግን ምንም አያነብም። ዳዊቱን ዘጋሁት።

ለክትትል ስንሄድ ሐና ለሐኪሟ ነገረችልኝ። ሐኪሟ አንድ ጋዜጣ አንሥታ ሰጠችኝ። መጀመሪያዋን መስመር እንኳ ማንበብ አቃተኝ። ፊደል ያስቆጠርኳቸው ልጆች ፊቴ ድቅን አሉብኝ።

«በቃል የተያዘ ነገር በሌላ መንገድ ስለሚወጣ ከስትሮክ በኋላም ሊተርፍ ይችላል» አለችኝ ሐኪሟ። «ይጸልዩበት። ለንግግርዎ ግን የማያውቁትን ነገር ያንብቡ። አጭር ይሁን፣ ሳይደክምዎ የሚያልቅ። መጨረሻው የሚያጓጓ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።»

«አጭር ልብወለድ ነዋ» አለች ሐና።

እዚህ ላይ ሌላው ኀፍረቴ ይመጣል። ልብወለድ በእኔ ቤት የሥራ ፈት ወሬ ነበር። ሐና ቤት ልትከራይ በመጣች ቀን የመጽሐፍ ካርቶኗን አይቼ «ይህን ሁሉ ውሸት ተሸክመሽ ነው ከአዲስ አበባ የመጣሽ?» ብያታለሁ። ልጅቱ አልረሳችውም። ያንኑ ካርቶን አልጋዬ አጠገብ አስቀምጣ «በሉ የኔታ፣ በየትኛው ውሸት እንጀምር?» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የወንጀል ታሪኮችን መድበል መዘዝኩ፤ ሽፋኑ ላይ ቁልፍ ስለተሣለበት ብቻ ነው።

ቀን ቀን ሐና ትምህርት ቤት ስለምትውል ያነበበችልኝ አበሩ ናት። በልጅነቷ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች፤ ከዚያ ወዲህ ብዙም አላነበበችም። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስሄደች፣ እየተደናቀፈች ታነባለች፣ እኔም ከኋላዋ እየተደናቀፍኩ እከተላለሁ። ድሮ ቢሆን በየቃሉ አርማት ነበር። አሁን እሷ ስትቆም እኔ አርፋለሁ።

የመጀመሪያው ታሪክ አንድ ሆቴል ውስጥ ስለጠፋ የሙሽራ ሐብል ነው። ወጥ ቤቷ ትጠረጠራለች፣ ዘበኛው ይጠረጠራል፣ የሙሽራው ወንድም ላብ ላብ ይለዋል። መሃሉ ላይ እንደደረስን አንድ ጎረቤት በአጥር ተጣራ፤ ርብ ወንዝ ሞልቶ ወደ ሩዛችን እየመጣ ነው። ነሐሴ ነበር። አበሩ መጽሐፉን ጣል አድርጋ ወጣች።

ብቻዬን ቀረሁ። ስለ ሩዙ ማሰብ ነበረብኝ። ስለ እሷ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ የማስበው ሐብሉን ነው። መጽሐፉን አንሥቼ ታገልኩ፤ አንዲት ገጽ ቀኑን ፈጀችብኝ፣ ሌባው ግን አልተገኘም። ዳዊቴ እዚያው አጠገቤ ነበር፤ እጄ ወደ እሱ አልሄደም።

አበሩ ሲመሻሽ መጣች። እስከ ወገቧ ጭቃ ናት። ከሩዙ ግማሹ ደለል ለብሷል። እህል አልቀመሰችም። ነጠላዋን ሳታስቀምጥ ጠየቅኳት።

«ሌባው ማነው?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔም ያወቅኩት ካመለጠኝ በኋላ ነው። ከታመምኩ ወዲህ ከገዛ ልቤ የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ ንግግሬ ይህ ነበር። ተመስገን አይደለም። እንዴት ዋልሽ አይደለም። ሌባው ማነው። አበሩ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ሌባውን ይተዉት» አለችኝ። «እኔ ማን ነኝ?»

ፈለግኩ።  «ውኃ» አልኳት።

«ውኃስ ዛሬ ጠግቤያለሁ» አለች። ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ካለቀሰች በኋላ እጇን ታጥባ መጣችና፣ መብራቱን አስጠግታ የቀረውን አነበበችልኝ። ሌባዋ ሙሽራዋ ራሷ ነበረች።

ከዚያ ወዲያ ክረምቱ አልፎ መኸር እስኪደርስ ካርቶኑን እያጋመስን ሄድን፤ አንዱን መድበል ስንጨርስ ሐና ጠባዩ ፈጽሞ የተለየውን ትሰጠናለች፣ የሙት መንፈስ ታሪኮቹን በጠራራ ፀሐይ ብቻ እንድናነብ አበሩ ደነገገች፣ ቧልቶቹ ላይ ደግሞ እሷ ቀድማኝ ስትስቅ እኔ ቀልዱ እስኪገባኝ ጥቂት ቆይቼ ብቻዬን እስቅ ነበር። ሰው ጨረቃ ላይ ሩዝ ዘራ የሚል ታሪክ መጥቶብን ውኃውን ከየት አመጣው ብለን ተከራከርን፤ ክርክሩ ሳላውቀው ብዙ አዳዲስ ቃል ጎተተልኝ። የፍቅር ታሪክ ሲሆን ግን፣ በዚህ ዕድሜዬ ልቤ ሲመታ እንዳትታዘበኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር። ረጅም መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አላልፍም፤ አጭሩ ታሪክ ግን ሳልደክም ያልቅልኛል፣ አንድ ነገር ጨረስኩ ማለትም ለበሽተኛ ትልቅ ነገር ነው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ዛሬ ንግግሬ ቀርፋፋ ነው። ጀማሪዎችን አስተምራለሁ። ይህን የምታነቡ በሽተኞችና አስታማሚዎች፣ ከእኔ ስሕተት ተማሩ፤ የግፊት ኪኒኔን በዐቢይ ጾም አቋርጬ ሳልመለስበት ቀርቻለሁ፣ እናንተ ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ። በሽተኛው በቃል የያዘው ሲወጣለት ዳነ ብላችሁ አትተዉት። የሚያጓጓውን አንብቡለት፣ ምንም ዓይነት ታሪክ ይሁን አትናቁበት። ለተማሪዎቼ ደግሞ ነግሬያቸዋለሁ፤ የኔታ የማይገባ ነገር ከተናገረ ወርቅ አትፈልጉ፣ ባጃጅ ጥሩ። ሐኪሟን አመሰግናለሁ። ሐናንና ውሸቶቿን አመሰግናለሁ።

አበሩን እንዴት ላመስግናት? ባለፈው ታኅሣሥ ከደለል የተረፈውን ሩዝ ግቢው ውስጥ አስጥታ ትገለብጣለች። ሐና የፍቅር ታሪኮቹን ለሌላ ሰው ስላዋሰች፣ አበሩ የምትወደውን አንዱን በቃሌ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ አንዲት ነርስ ከሩቅ አገር እስክትመለስ የሚጠብቅ የአንድ ትኬት ቆራጭ ታሪክ ነው። ቀስ እያልኩ ነገርኳት። አውቶቡሱ መናኸሪያ ገባ አልኩ። ትኬት ቆራጩ በሩ ላይ ቆመ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ጠበቀ፣ በመጨረሻ አበሩ ወረደች አልኩ።

እጇ ሩዙ ላይ ቆመ።

«ሴትዮዋ እኮ ሰላማዊት ናት» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«አውቃለሁ» አልኳት። «የወረደችው ግን አበሩ ናት።»