ጋቢ የለበሰው ሲሊንደር

ጅማ፣ በቾ ቦሬ ውስጥ ቡና ቆልቼ የምሸጥባት ትንሽ ቤት አለችኝ። አንድ ብርዳማ ጠዋት ለጎረቤት ሠርግ የሚሆን ቡና እየቆላሁ ሳለ በጋዝ የሚሠራው የመቁያ ማሽኔ እሳት ደከመብኝ። ጥግ ያስቀመጥኩትን የጋዝ ሲሊንደር ዞር ብዬ ባየው አመዳይ ለብሷል። በርዶት ነው ብዬ በጋቢዬ ጠቀለልኩት። እሳቱ ጭራሽ ሊጠፋ ደረሰ። ሠርጉ ደግሞ በማግስቱ ነው!

ሌላው ጎረቤቴ ሐጂ ገቡና የተጠቀለለውን ነገር አይተው ደነገጡ።

«አካም ልጄ፣ ማን ታሞብህ ነው?»

«ሲሊንደሩ ነው ሐጂ» አልኳቸው አፍሬ።

እስኪያስላቸው ሳቁ። «ወላሂ፣ እኔ አረብ አገር የጋዝ ፋብሪካ ዘበኛ ነበርኩ። ፈሳሹ ጋዝ ሲተን ሲሊንደሩን ያቀዘቅዘዋል፤ መልሶ የሚያሞቀው የውጭው አየር ነው። አንተ እኮ አየሩን ከለከልከው!»

ጋቢውን ገፍፈን ሲሊንደሩን ፀሐይና ነፋስ ወደሚያገኝበት በረንዳ አወጣነው። ጥቂት ቆይቶ እሳቱ ቦግ አለ፤ እኔም ተነፈስኩ። ሐጂን አመስግኜ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ቆልቼ ስጨርስ ሲሊንደሩን ልዘጋ ወጣሁ። እንደገና አመዳይ ይዟል። ሐጂ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ከበውት ተቀምጠዋል፤ ሦስት ጠርሙስ ለስላሳም አስደግፈውበታል።

«ኧረ እንዳትዘጋው!» አሉኝ ሐጂ። «ትንሽ ቡና ጨምር፣ ለስላሳው ገና አልቀዘቀዘልንም።»