ያልሰበርኩት የሞተር ጥርስ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ብቸና፣ ቢሯችን ውስጥ... ኃላፊዬ አንድ ቃለ ጉባኤ ወደ እኔ አስጠጋና «ፈርሚ» አለኝ።

አነበብኩት። «ባለሙያዋ ሞተር ሳይክሉን ያለጥንቃቄ በማሽከርከሯ ምክንያት የቮላኖው አንድ ጥርስ ተሰብሮ ኮምፒውተሩ ሊቃጠል ችሏል። ስለሆነም ሞተር ሳይክሉ ለሌላ ባለሙያ ተላልፎ እሷ ከቢሮ እንድትሠራ ተወስኗል» ይላል። ሦስት ሰው ፈርሞበታል። የቀረው የእኔ ፊርማ ነው።

«አልፈርምም» አልኩ።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። እዚህ በእንስሳት ጤና ባለሙያነት ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። የክትባት ሳጥኔን ከኋላ አስሬ በየቀበሌው የምዞረው በዚያች ሞተር ነው፤ እሷ ከተወሰደች ሥራዬም አብሮ ተወሰደ ማለት ነው። ደግሞ ከተሰጠችኝ ቀን ጀምሮ «ሴት ልጅ እንዴት ትችላታለች?» የሚሉ ነበሩ። ይኼ ቃለ ጉባኤ ለእነሱ ሠርግና ምላሽ ነው የሆነላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሯ በጎኗ ዘይት ማንጠብጠብ ጀመረች። ሌላ ምንም አልነበረባትም፤ ራሴ እየነዳሁ ነው ጋሽ ስማቸው ጋራዥ ያደረስኳት። ጋሽ ስማቸው የካርቡሬተር ሞተር ከሆነ ድምፁን ብቻ ሰምተው በሽታውን የሚነግሩሽ መካኒክ ናቸው። የእኔዋ ግን ካርቡሬተር የላትም። ኢንጀክሽን የሚሏት ናት፤ ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካች የምትረጭ።

ጋሽ ስማቸው የሚያፈሰውን ክዳን ሲከፍቱ፣ ከኢንጂኑ ጋር አብሮ የሚሽከረከረውን ክብ ብረት፣ ቮላኖውን፣ አዩት። ዙሪያውን እኩል ተራርቀው የቆሙ ትናንሽ ጥርሶች አሉት። አንድ ቦታ ላይ ግን ጥርስ የለም... ባዶ ነው። ሰውዬው ደግሞ ሥራ አክባሪ ናቸው፤ ጉድለት አይተው ክዳን መዝጋት አይሆንላቸውም። ልክ በልኩ አንድ ጥርስ በየዱበት፣ ሞርደው አሳመሩትና ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ሞተሯ አልነሳ አለች። ማስነሻዋ ቢጫን ቢጫን ኢንጂኗ ይዞራል እንጂ እሳት የለም፣ ቤንዚን የለም። «ጥርሱ የተሰበረ ጊዜ ኮምፒውተሩም ተቃጥሏል» አሉ ጋሽ ስማቸው። ቢሮው ይህንኑ ይዞ ኮሚቴ ሰበሰበ።

«ተሰብሮ ከነበረ እንዴት ነድቻት ሄድኩ?» አልኩት ኃላፊዬን።

«እኔ መካኒክ አይደለሁም። መካኒኩ ያሉትን ነው የጻፍነው።»

«እሺ፣ ተሰበረ የተባለው ብረትስ የት ገባ? ክዳኑ ተዘግቶ ነው የኖረው።»

«ዘይነብ፣ ነገር አታክርሪ። ፈርሚና ይለፍ።»

ለእሱ ያልፋል፤ ለእኔ አያልፍም። እውነቴን ነው፣ ንድድ ነው ያልኩት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ በቀጥታ ጋራዥ ሄድኩ።

ከእኔዋ ጋር አብራ የመጣች፣ በሞዴልም በዓመተ ምሕረትም አንድ የሆነች ሞተር ሞጣ አለች። የሚነዳት ያሬድ የሚባል እንደ እኔው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው።

«ጋሽ ስማቸው፣ ነገ ሞጣ እንሂድና የዚያችኛዋን ከፍተን እንይ። ጥርሷ ሙሉ ከሆነ እፈርማለሁ» አልኳቸው።

«አንች ልጅ፣ በስተርጅና ልታሳጭኝ ነው?»

«እኔ አልሰበርኩም። እርስዎም ሲሰበር አላዩም።»

መፍቻዎቻቸውን በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ።

በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። አፌን ሞልቼ ልናገር እንጂ ደብረ ወርቅን እስክናልፍ የማስበው አንድ ነገር ነበር... ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ቢገኝስ? እፈርማለሁ ያልኩት በገዛ አፌ ነው።

ያሬድ ሞተሯን አስነስቶ አሳየን፤ ምንም ችግር የለባትም። ልንከፍታት ነው ስንለው ግን አመነታ።

«ከተበላሸችብኝ እኔም እንዳንች ልፈርም ነው?»

«እኔ መቼ ፈረምኩ?» አልኩት።

ጋሽ ስማቸው ዘይቱን ቀድተው ክዳኑን ከፈቱ። ቮላኖውን ዙሪያውን በጣታቸው እየዳሰሱ መቁጠር ጀመሩ። ጥርስ፣ ጥርስ፣ ጥርስ... ከዚያ ጣታቸው ባዶ ቦታ ላይ ቆመ።

እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩት። ያው ነው። ከቮላኖው ጎን ያለችውን ትንሽ ሴንሰር ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በድሮዎቹ ላይ ምልክት ነበረ» አሉ፤ «ፒስተኑ የት እንደደረሰ እኛ በዓይናችን የምናይበት። እዚህ ላይ ዓይኗ ይችው ሴንሰር ናት። ጥርስ ባለፈ ቁጥር ትቆጥራለች። ባዶው ሲመጣ ኮምፒውተሩ ፒስተኑ የት እንዳለ ያውቃል። መቼ ቤንዚን እንደሚረጭ፣ መቼ ካንዴላው እሳት እንደሚሰጥ የሚወስነው ከዚያ ተነስቶ ነው። እኔ ምልክቱን ነው የደፈንኩበት።»

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ግን ዝቅ ብለው «ይቅር በይኝ ልጄ» ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ብቸና ተመልሰን የበየዱትን ጥርስ ራሳቸው ሞርደው አነሱት። ዘጉ፣ ዘይት ጨመሩ፣ «አስነሻት» አሉኝ። በአንድ ጊዜ ተነሳች።

እሳቸውን ከኋላ አስቀምጬ እየነዳሁ ቢሮው በር ላይ ነው ያቆምኩት። ሁሉንም በራሳቸው አንደበት ለኃላፊዬ ነገሩት። እሱም ቃለ ጉባኤውን ከመሳቢያ አውጥቶ ሊቀድደው ሲል አስቆምኩት።

«አይቀደድም። ከተቀደደ ነገ ሰብራ ተማልዶላት ነው ይባላል። ሦስቱም ይጠሩና ሌላ ይጻፍ።»

«ምን ተብሎ?»

«ምንም አልተሰበረም ተብሎ።»

አጉረመረመ... ግን ተጻፈ። እዚያኛው ላይ ፈረምኩ፤ ስሜን እስከ አያቴ ሙሉውን ጽፌ።

ሴት ሰበረችው ለማለት የሚቸኩል ሁሉ፣ እስቲ መጀመሪያ የተሰበረ ነገር መኖሩን ያረጋግጥ።