ጉቴ ላይ እምቢ ያለችኝ ሰንጢ

እናንተ ከርከሮን የምታውቁት በስልክ ቪዲዮ ነው። እኔ ትንፋሹ እግሬን ሲነካኝ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ሊገድለኝ የነበረው ከርከሮው ብቻ አይደለም፤ በገዛ እጄ የጠገንኳት ሰንጢ ጭምር ናት።

መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ዝናቡ ቀንሷል፤ በቆሎው እሸት ይዟል። ነቀምቴ አቅራቢያ ጉቴ የሚኖረው ጓደኛዬ ኦቦ ለሜሳ ደወለና «ኦቦሌሳኮ፣ ወንድሜ፣ ከርከሮ ማሳዬን ጨረሰው፤ ድረስልኝ» አለኝ።

እኔ ነቀምቴ አናጢ ነኝ፤ በእጄ እኮራለሁ። ከመነሳቴ በፊት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሰንጢዬን አጠበቅኋት። ስለቷን ከእጀታው ጋር የሚያያይዘው ሚስማር ላልቶ ትወዛወዝ ነበር። ብረት ላይ አስተኛኋትና የሚስማሩን ራስ በመዶሻ ደጋግሜ መታሁት። መወዛወዟ ቀጥ አለ። ባለቤቴ አያንቱ «ከፍተህ ሞክራት እንጂ» ስትለኝ «የኔ ሥራ አይሞከርም» ብዬ ኪሴ ከተትኳት።

ለሜሳ ቤት አድሬ በማግስቱ ማለዳ ወጣን፤ እኔ፣ ጦሩን የያዘው ለሜሳ እና ጥቁሩ ውሻው ጉራቻ። ጤዛው ሱሪያችንን እስከ ጉልበት አራሰው። ወንዙ ዳር ጭቃው ላይ ኮቴ አገኘን፤ ጠርዙ ያልፈረሰ፣ ውሃ ገና ያልሞላው። ለሜሳ በጣቱ ነካ አድርጎ «አሁን ነው ያለፈው» ሲል አንሾካሾከልኝ። የጉራቻን ገመድ የያዝኩት እኔ ነኝ። እንዳያመልጠኝ ብዬ የግራ እጄ አንጓ ላይ ጠመጠምኩት። ስንት ዓመት ያደነ ሰው እንዲህ ይሞኛል!

ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። ጉራቻ ዘሎ ትልቅ የብሳና ግንድ ዞረ፤ ገመዱ ከግንዱ ጋር አጣበቀኝ። ከርከሮው ወጣ። ክራንቻው ወደ ላይ የተቆለመመ፣ የጀርባው ፀጉር የቆመ። ለሜሳ ጦሩን ወረወረ፤ ሳተውና መሬት ላይ ተተከለ። ከርከሮው ወደ እኔ ዞረ።

ሰንጢዋን አወጣሁ። በታሰረው እጄ ጣቶች እጀታዋን ይዤ በቀኝ ጥፍሬ ስለቷን ሳብኩ። በጤዛ የራሰ ጥፍሬ ተንሸራተተ። እንደገና ሳብኩ። እምቢ! ያን ጊዜ ስለቷን በጥርሴ ነክሼ ጎተትኩ። አፌ ውስጥ ቀጭ አለ፤ ተከፈተች። ገመዱን ቆርጬ ከግንዱ ጀርባ ወደቅሁ። ከርከሮው የቦቲዬን አፍ ዘንጥሎ አለፈ። ጉራቻ እየጮኸ አባረረው፤ ወንዙን አሻግሮት ተመለሰ።

ለሜሳ ሮጦ መጣ። እጅ እግሬን ዳበሰኝና «አፍህ ይደማል!» አለ። ከፈትኩለት። የፊት ጥርሴ ግማሹ የለም። ትንሽ አየኝና መሬት ላይ ዝርፍጥ ብሎ ሳቀ፤ «ከከርከሮ ጥርስ ተርፈህ የራስህን ሰበርክ!» እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። በሕይወት ያለ ሰው ሳቅ ነበር።

ቤቱ ስንደርስ ሰንጢዋን ተቀበለኝ። የሚስማሩን ራስ በሞረድ ፍቆ ሚስማሩን አወጣው። ውስጧን በጨርቅ ጠረገ። አዲስ ሚስማር ከማስገባቱ በፊት በስለቷና በእጀታው መሃል ቀጭን የቆርቆሮ ቁራጭ ሸጎጠ። መዶሻውን ሰጠኝ። «ሱታ፣ ሱታ!» አለኝ፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። በቀስታ፣ ዙሪያውን መታሁት። ቆርቆሮውን ስቦ ሲያወጣው ፀጉር የምታህል ክፍተት ቀረች። አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨመርንባት። ሰንጢዋ በአውራ ጣት ተከፈተች፤ ግን አትወዛወዝም። እኔ የረሳሁት ያንን ክፍተት ነበር።

የለሜሳ ባለቤት የተጠበሰ እሸት አቀረበችልን። መጋጥ አልቻልኩም። ለሜሳ በዚያችው ሰንጢ እየፈለፈለ በእፍኙ ሰጠኝ፤ በየመሃሉ ሳቁ ያመልጠዋል።

ከዚያ ወዲህ የውሻ ገመድ እጄ ላይ አልጠመጥምም። የጠገንኩትንም ነገር ከቤት ሳልወጣ፣ እጄን ውሃ ነክሬ፣ ደጋግሜ እከፍተዋለሁ። ጥርሴን ግን አላሠራሁትም። አያንቱ አንድ ቀን «ምን አለ ብታስተክለው?» ብትለኝ፣ «ታዲያ ለሜሳ ሲያየኝ በምን ይስቃል?» አልኳት።