የአብረኸት ዲስክና የእሑድ መርዶ

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሮም ውስጥ፣ ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው መንገድ ላይ ስልክና ኮምፒውተር የምንጠግንበት ሱቅ ውስጥ ስሠራ፣ ደንበኛ መጥቶ «ትናንት ደህና ነበር» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ትናንት ደህና ያልነበረ ምን የተበላሸ ነገር አለ? የአብረኸት ኮምፒውተር ግን ከሁሉም የባሰ አናደደኝ፤ ለምን እንደምናደድ ለራሷ ለአብረኸት መንገር አልችልም ነበርና።

አብረኸት የኮረም ልጅ ናት። ደርግ በወደቀ ማግሥት ሮም ገብታ፣ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት አዳሪ ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች፤ እዚያው ቀረች። ሲኞራዋም አትሞት፣ እሷም አትለቅ። እረፍቷ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ለእነዚያ ቀናት ብላ ፖንቴ ማሞሎ የሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታለች። በክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ የምግብ ማብሰያ ጥግ፣ አንድ ቅራቅንቦ ኮምፒውተር አለ።

በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ ይሄዳል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል፣ ሽማግሌ ይናገራል። አብረኸት የሌለችበት መርዶ ሮም ውስጥ አላውቅም። ሽማግሌው አፉን ሳይከፍት ሐዘንተኛው ወዴት እንደሚወድቅ ታውቃለች፤ ከጎኑ ቆማ ትከሻውን የምትይዘው እሷ ናት።

በዚያ ሳምንት ተራው የእሷ ሆነ። ወንድሟ ኣንገሶም ከኮረም ለጋሽ ብርሃነ ደውሎ፣ እናታቸው እማማ ቅድሳን ማረፋቸውን ነገራቸው። የመርዶውን ነገር የሚመሩልን ሽማግሌ ጋሽ ብርሃነ ናቸው። ሱቅ ድረስ መጡና ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«እሑድ ጠዋት እንነግራታለን። ሰው ቤት እያደረች እንዴት ብላ ታለቅሳለች? አንተ ደግሞ የእናትየዋን ፎቶ አምጣልን፤ አሳድገን ለለቅሶው እናቆመዋለን» አሉኝ።

«ከየት ላምጣ ጋሼ?»

«ከኮምፒውተሯ ነዋ። ኮረም ሄዳ ያነሳቻቸው ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ሌላ ቦታ የለም።»

የዚያች ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ደግሞ እያጣጣረ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ቤተ ክርስቲያን አግኝታኝ «ቀጭ ቀጭ ትላለች» ስትለኝ፣ «እስካያት ድረስ እንዳትከፍቻት፣ በከፈትሽ ቁጥር ይብስባታል» ብዬ ነግሬያታለሁ። ማን ሰምቶኝ። በየሐሙሱ ትከፍታታለች፤ ስትደርቅባት ደግሞ እንደ አሮጌ ሬዲዮ በጥፊ ታጮላታለች።

ሐሙስ ከሰዓት ካቻቢቴዬንና ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ።

«ምን እግር ጣለህ? ሳትለመን መጣህ?» አለችኝ በሩ ላይ።

«በዚህ ሳልፍ ነው» አልኳት። እኔ ደግሞ በፖንቴ ማሞሎ በኩል ወዴት እንደማልፍ እግዜር ይወቀው።

ኮምፒውተሯን ከፈትኳት። ትንሽ አጉረመረመች፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የጎኗን ክዳን ፈታሁ፤ አቧራው ጉድ ነው። ምናልባት ኬብሉ ይሆናል ብዬ ኬብሉን ቀየርኩ፤ ቀጭ። የኤሌክትሪኩን መስመር ቀየርኩ፤ ያው ቀጭ። ዲስኩን ነቅዬ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁት። ላፕቶፑ አወቀውና ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ሳልጨርስ መልሶ ጠፋ። የሠራውን ሰው ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩት።

«ጾም ነው፣ አፍህን ጠብቅ» አለች አብረኸት።

አሎራ፣ እንግዲህ አንድ ዘዴ ቀርቶልኝ ነበር። እንዲህ ያለ ዲስክ በደንብ ሲቀዘቅዝ አንዳንዴ ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ይዘራል። አንዳንዴም ጭራሽ ይገድለዋል። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ በፌስታል ደራርቤ ጠቅልዬ ፍሪዘሯ ውስጥ፣ በርበሬዋ ጎን ከተትኩት። አብረኸት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ።

«የለየለት እብድ ሆነሃል» አለችና ሽሮ አቀረበችልኝ።

እየበላን ሳለ፣ «ኣንገሶም ስልክ አያነሳም። ሰኞም ደወልኩ፣ ትናንትም ደወልኩ» አለች።

«ኔትዎርክ ይሆናላ። ኮረም መቼ ኔትዎርክ ኖሮት ያውቃል?»

ጉርሻዋን መልሳ አስቀምጣ አየችኝ። እኔም ትልቅ ጉርሻ ጎረስኩ፤ አፉ የሞላ ሰው አይጠየቅም።

በልተን ስንጨርስ ዲስኩን አውጥቼ ሰካሁት። ተነሣ። «እማዬ» የሚል ፎልደር አገኘሁ፤ ፎቶውም ቪዲዮውም እዚያው ነው። ቪዲዮው እንቢ አለ። ተውኩትና የመጀመሪያውን ፎቶ ኮፒ ማድረግ ጀመርኩ። ግማሽ ድረስ ሄደና ቆመ። ቀጭ አለ። ጠበቅሁ፤ ቀጭ። ጠረጴዛውን መታሁ።

አብረኸት ከኋላዬ ቆማ ሳቀች። «በቃ ተወው ወንድሜ። ለፋሲካ ልሄድ አይደለ እንዴ? እንደ ልቤ አዲስ አነሳታለሁ። ለዚህ ነው እንዲህ የምትንጨረጨረው?» አለችና ኬብሉን ልትነቅል እጇን ዘረጋች።

«አትንኪው! ከየት አምጥተሽ ነው የምታነሻት?»

ከአፌ ወጣ። እጇ ኬብሉ ላይ እንዳለ ቀረ። «ማለቴ...» አልኩ። በክፍሉ ውስጥ ዲስኩ ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ለሌላ ሰው ቢሆን ማስተባበል ይቻል ነበር። አብረኸት ግን ስንቱን ያረዳች ሴት ናት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ጋሽ ብርሃነ ናቸው የላኩህ?»

«አዎ።»

«ለእሑድ ነው?»

«አዎ።»

«እኔም ብሆን ለእሑድ ነበር የማደርገው» አለች።

በዲስኩም፣ በጋሽ ብርሃነም፣ በማላውቃት ሲኞራም ተናደድኩ። ከሁሉም በላይ በገዛ ምላሴ ተናደድኩ። «አልቅሺ እንጂ» አልኳት፤ እሱንም የተናገርኩት እየተቆጣሁ ነው።

«አልቅሼ ማታ ሲኞራን ማን ያስተኛታል? ደግሞ አንተ አፍህን መያዝ አቅቶህ እንደነገርከኝ ሽማግሌዎቹ ቢሰሙ፣ ማን ያስቀምጥሃል? አልሰማሁም። አንተም አልነገርከኝም።» ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። ተመልሳም፣ «መልሰህ አቀዝቅዘውና ሞክር» አለችኝ።

መልሼ አቀዘቀዝኩት። ከፍሪዘሩ ሳወጣው ከእጄ ተቀብላ፣ ጨርቅ ይዛ ራሷ ጠራረገችው። ሰካሁት። ቀጭ እንኳን አላለም። ያ ሲያቃጥለኝ የዋለ ድምፅ መልሶ በመጣልኝ ብዬ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ። ዝም ብሎ ቀረ። የተረፈን ያ ግማሽ ፎቶ ብቻ ነው፤ ነጠላቸው፣ ግንባራቸውና ዓይናቸው አለ፣ ከዚያ በታች ሁሉ ግራጫ ነው። አብረኸት ቆማ አየችው፤ ከዚያ ኮቷን ለበሰችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

እሑድ በማለዳ ጋሽ ብርሃነ ሜትሮ ባቡር ውስጥ አሳትሜ ያመጣሁትን ፎቶ ሲያዩ ተቆጡ። «ግማሽ ሰው ለቅሶ ላይ ይቆማል? ይኼን ይዘህ ለመምጣት አታፍርም?» አሉኝ። የምመልሰው ነበረኝ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጥኩት።

ከተሰበሰበው ሰው ጋር ሆነን በሩን አንኳኳን። አብረኸት ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ለቅዳሴ እንደተዘጋጀች ከፈተችልን። «ምነው በደህና ነው በማለዳ?» አለች። ጎበዝ፣ በደንብ ታስመስላለች አልኩ በልቤ። ጋሽ ብርሃነ ገና «እማማ ቅድሳን» ከማለታቸው ጮኸች። ያ ጩኸት ማስመሰል አልነበረም፤ ከሐሙስ ጀምሮ ይዛው የከረመችው ነው። ሰውነቷ ተዝለፈለፈ። ያን ሁሉ ሰው ይዘን መጥተን፣ ትከሻዋን የሚይዝ ሰው ከጎኗ አልቆመም፤ ምንጊዜም የምትይዘው እሷ ነበረቻ። ሰው ገፍትሬ ደርሼ እኔ ያዝኳት።

ለቅሶው በረድ ሲል፣ ጋሽ ብርሃነ ሰው ሳያየው ብለው እኔ ጠረጴዛው ላይ ያቆምኩትን ፎቶ ሊያነሱት ሞከሩ። አብረኸት አየቻቸው። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ይቁም ጋሼ» አለች። «ዓይኗ አለ።»

ጋሽ ብርሃነ ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ፎቶውን ወደ ቦታው መለሱት።