ኃላፊዋና የቦኖው ውሃ

በቀለም ፋብሪካችን እንደ እሷ ፈሪ ሰው አልነበረም። ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች፤ በር ሲንኳኳ ብድግ ትላለች። መዝገብ ቤት አብረን በሠራንባቸው ዐሥራ አንድ ዓመታት አንድ ፋይል ጠፋ ከተባለ፣ እጇን ያላስገባችበትም ቢሆን ላብ በላብ ትሆን ነበር። «ምነው፣ ሰው አልገደልሽ!» እያልኩ እስቅባት ነበር።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ከሥልጠና ተመለሰና «የማኅበራዊ ኃላፊነት ክፍል ያስፈልገናል» አለ። ክፍል የተባለው አንድ ጠረጴዛና እሷ ነበሩ። በሩ ላይ የክፍሉ ስም ከተለጠፈ ወዲህ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰፈር «ኃላፊዋ» ይላት ጀመር። ኃላፊነት ካለ ኃላፊ አለ፤ ሌላ ምን ይበሉ? ልጅ ለማስቀጠርም፣ ጭሱን ለማስቆምም እሷ ዘንድ ይመጣሉ። «እኔ እኮ ተራ ሠራተኛ ነኝ» ስትላቸው ትሕትና መሰላቸው። እሷ ግን በፍርሃት እንቅልፍ አጣች።

እንደምንም ሥራውን ያዘችው። ቤት ለቤት ዞራ ምን እንደቸገራቸው ጠየቀች፤ ውሃ አሏት። ሥራ አስኪያጁን ለምና ከፋብሪካው ጉድጓድ ቧንቧ አስዘረጋች፣ ቦኖ አሠራች።

በምርቃቱ ቀን ጠዋት ለምርመራ የተላከው የውሃው ናሙና ውጤት ከላቦራቶሪ መጣ። ደብዳቤ የምቀበለው እኔ ስለሆንኩ አብረን አነበብነው። «ለመጠጥ አይሆንም» ይላል። ይዛው ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባች፤ ባዶ እጇን ወጣች።

«ምን አለሽ?»

«ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ከምርቃቱ በኋላ እናየዋለን፣ ትንፍሽ ካልሽ ግን ነገ እንዳትመጪ አለኝ። ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ፣ ወንድሜ?»

እኔም ልጆች አሉኝ። «ዝም በይ» አልኳት።

ሪባኑ ተቆረጠ። ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆ ሞልቶ አቀበላትና «የመጀመሪያውን እሷ ትቅመስልን!» አለ። አጨበጨብን። ፊቷ አመድ መሰለ። ዞር ብላ አየችኝ፤ አቀረቀርኩ። እስከ ታች ጨለጠችው።

ከሰልፉ ፊት የልጅ ልጃቸውን የታቀፉ አሮጊት ነበሩ። «እሰይ የኔ ልጅ! አንቺ ከጠጣሽው እኔ ምን እፈራለሁ?» አሉና በመዳፋቸው ቀድተው ወደ ሕፃኗ አፍ አስጠጉ።

«እማማ፣ አያጠጧት!» ብላ ጮኸች። የአሮጊቷን እጅ መትታ ውሃውን ደፋችው። «ለመጠጥ አይሆንም! የላቦራቶሪ ውጤት መጥቷል!» ቧንቧውን ዘግታ በሁለት እጇ ጨበጠችው። አልለቀቀችም።

ሰዉ ተንጫጫ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ እንዳለ ወደ እኔ ዞረ።

«ደብዳቤ የምትቀበለው አንተ ነህ። እንዲህ ያለ ወረቀት መጥቷል?»

ሰፈሩ ሁሉ አየኝ። እሷም አየችኝ፤ ትጠብቀኝ ነበር።

«እኔ አላየሁም» አልኩ።