በፍሳሹ ቀዳዳ የሰደድኩት ጨርቅ

ፖሊሶች የያዙኝ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ የጠመኔው ብናኝ ከእጄ ሳይጸዳ ነው። ኪሴን ፈተሹ፣ ጫማዬን አስወለቁ፣ ሆዴን ግን አልነኩም። ሆዴ ላይ፣ ከሸሚዜ ሥር፣ ለማግስቱ ሰልፍ ያዘጋጀሁት ነጭ ጨርቅ ተጠምጥሞ ነበር። «የታሰሩ መምህራን ይፈቱ» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌበታለሁ። ሐረር ላይ ብዙ ልጅ አስተምሬያለሁ፤ ከፖሊሶቹም አንዳንዶቹ የእጅ ጽሑፌን ከሰሌዳ ላይ ሲገለብጡ ያደጉ ናቸው፤ ካዩት ይለዩታል።

ጣቢያው ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ነው። ድሮ የአንድ ነጋዴ መኖሪያ ነበር አሉ። እኛ የታጎርንበት ክፍል የልብስ ማጠቢያ ስለነበረ ሲሚንቶው ወደ አንድ ጥግ ያዘነብላል፤ እዚያ የብረት ወንፊት የተከደነበት የፍሳሽ ቀዳዳ አለ። አሥራ አንድ ሰው እጁንም ሳህኑንም የሚታጠበው እዚያ ነው። በገባሁበት ቀን እግሬን የምታጠብ መስዬ ቁጭ አልኩ፤ ወንፊቱን አነሳሁና ጨርቁን በጣቴ እየጠቀጠቅኩ ወደ ታች ሰደድኩት። ጎበዝ ነህ አልኩ ራሴን።

በሦስተኛው ቀን ውሃው አልወርድም አለ። ከጥጉ ተነስቶ የፍራሾቹን ጫፍ ማራስ ጀመረ፤ ሽታው ምግብ አላስበላ አለን።

ከእኛ ጋር አንድ የጀጎል ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ እሳቸውን ይዘው አመጧቸው። ዕድሜ ልካቸውን በጀጎል ግቢዎች ቧንቧና ፍሳሽ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሶላት በአንዲት ጣሳ ውሃ፣ ጠብታ ሳያባክኑ፣ ጥጉ ላይ ውዱእ ያደርጋሉ።

የክፍሉ አለቃ፣ እኛ ካቦ የምንለው እስረኛ፣ የባጃጅ ሹፌር ነበር። ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ እሳቸው ላይ አረፈ።

«አባባ፣ አይቀየሙኝ አቦ» አለ። «ውሃ የሚያበዙት እርስዎ ነዎት። እስኪደርቅ ቢተዉትስ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «እሺ ልጄ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሶላት ሲደርስ መዳፋቸውን የግድግዳው አቧራ ላይ መታ ያደርጉና ፊታቸውንና እጃቸውን ያብሱበታል። ውሃ ላጣ ሰው በሃይማኖታቸው የተፈቀደ ነው። ውሃ ግን ነበረ፤ የጠፋው መውረጃው ነው፤ ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ እያየኋቸው አፌን ዘጋሁ። «ያጠፋ ራሱ ይውጣ» እያልኩ ተማሪ ሳስፈራራ የኖርኩ ሰው ነኝ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ወጣት ፖሊስ አፍንጫውን በኮፍያው ሸፍኖ መጣ። በሌላ እጁ አሲድ ይዟል።

«ይሄ ብረትም ይበላል» አለ።

ሽማግሌው ተነሱ። «ልጄ፣ መስኮቱን አየኸው? ከመዳፌ አይሰፋም። ጭሱ መጀመሪያ የሚጨርሰው እኛን ነው። ያም ልጅ አስም አለበት። የፈላ ውሃ፣ የዱቄት ሳሙናና ሽቦ ስጠኝ። ኢንሻአላህ እከፍተዋለሁ።»

«ካልተከፈተስ?»

«ያን ጊዜ አሲድህን ታፈሳለህ።»

እዚህ ላይ የተሰማኝን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሲዱ እንዲፈስ ተመኘሁ። ጨርቁን ይበላልኛል ብዬ። ባለ አስሙ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፣ ሲተነፍስ ደረቱ ሲያፏጭ እሰማለሁ፤ እኔ ግን የምመኘው አሲዱን ነው።

ሽማግሌው የቆመውን ውሃ በጣሳ ቀድተው ጨረሱ። የሽቦውን ጫፍ እንደ መንጠቆ አጠፉና በጎናቸው እዚያ እርጥብ ላይ ተኙ። «ከገፋኸው ይጠብቃል» አሉ፣ ለፖሊሱ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። «እያዞሩ መሳብ ነው።» መጀመሪያ ሩዝ ወጣ። ቀጥሎ የፀጉር ጉንጉን። ከዚያ የጨርቁ ጫፍ ብቅ አለ፤ «ይፈቱ» የሚለው ቃል ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም።

ከፖሊሱ በጀርባቸው ከልለው አነበቡት። ቀና ብለው ሲያዩ ሁሉም ጥጉን ያያል፤ እኔ ብቻ መሬት መሬት አያለሁ። ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርገው ጨመቁትና ከሩዙና ከፀጉሩ ጋር ፌስታል ውስጥ ከተቱት።

«ምንድን ነው?» አለ ፖሊሱ።

«ፀጉርና ሩዝ። ልትነካው ነው?»

ፖሊሱ ወደ ኋላ አለ። «ማነው የከተተው?»

«እኔ ነኝ። ሳህኔን ሳጥብ።»

«አላልኩም?» አለ ካቦው።

ያን ጊዜ መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ሽማግሌው ሳሙናውን በትነው የፈላውን ውሃ ቀስ እያሉ አወረዱት፤ ቀዳዳው ጉርጉር ብሎ ዋጠው። ፌስታሉ ከቆሻሻው ጋር ወጣ።

የቀትር ሶላት ሲደርስ ጣሳውን አንስቼ አጠገባቸው በርከክ አልኩ። ማድረግ የቻልኩት ይህን ብቻ ነው። እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ውሃውን አወረድኩላቸው። ሽቦው መዳፋቸውን ቧጭሮት ነበር።

«ጨርቅ አይሟሟም፣ መምህር» አሉ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ሌላ ጊዜ ወረቀት ላይ ጻፍ።»

በማግስቱ ፈቱኝ። እሳቸው ከወር በኋላ መለቀቃቸውን ሰማሁ።

ዛሬ የምኖረው እዚያው ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ነው። የወጥ ቤታችን ፍሳሽ ሲደፈን ባለቤቴ የፍሳሽ መክፈቻ መድኃኒት ገዝቼ ላፍስ ትላለች፤ እኔ ሽቦዬን አመጣለሁ፣ ውሃ አፈላለሁ። ጎረቤትም ይጠራኛል። የት ተማርከው ሲሉኝ እስር ቤት እላለሁ፣ ይስቃሉ።

የሽማግሌው በር ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ሐረር ላይ ይቅርታ ሲጠየቅ «አፉ በሉኝ» ይባላል፤ ያንን ልል ሁለት ጊዜ ሄጄ ሳልል ተመልሻለሁ። ሁለተኛው ባለፈው ሳምንት ነው፤ በሩ ላይ ስቆም ከግቢው ውስጥ የጣሳ ድምፅ ተሰማኝ፣ ከዚያ ውሃ በድንጋዩ ላይ ሲወርድ። የሚያፈስላቸው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ለማንኳኳት ያነሳሁትን እጄን መልሼ አወረድኩት።