መሰለች እጇን ከመሪው ስታነሳ

አቃቂ ውስጥ መኪና ወደ ኋላ የሚሄደው በሹፌር አይደለም፤ በመንገደኛ ነው። አንድ ሰው የኋላ ማርሽ ካስገባ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ሰዎች ይከቡትና እጃቸውን ያወዛውዛሉ። «ና፣ ና፣ ና፣ ስበር፣ መልስ፣ በቃ።» መሪ ይዞ የማያውቅ ያዛል። ለራሱ መንገድ የጠፋበት ያዛል። አንድ ቀን ከቀብር የሚመለሱ ሰዎች እንባቸውን እየጠረጉ አንድ አይሱዙ ጥግ ሲያስይዙ አይቻለሁ። ሹፌሩም ይታዘዛል። ሰው ደክሞልህ አለመታዘዝ ነውር ነዋ።

ይህን ያስቀደምኩት የመሰለች ነገር እንዲገባችሁ ነው።

መሰለች የሰፈራችን ሴት ናት። ክር ፋብሪካ ስትሠራ ኖራ፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሷንም ቀነሳት። ባሏ በቀለ ከአቃቂ ኮዬ ፈጬ በሚኒባስ ሕዝብ ያመላልስ ነበር፤ አምና ልቡን አሞት ሞተ። ሁለት ሴት ልጆችና ሚኒባሷን ትቶላት ሄደ። ስለ መሰለች አንድ ነገር ብቻ ንገረን ካላችሁኝ፣ «እሺ» ማለት ነው የምታውቀው እላችኋለሁ። በለቅሶው ድንኳን አንዷ «ተቀመጪ፣ ደከመሽ» አለቻት፣ ተቀመጠች። ሌላዋ «ተነሺ፣ ሰው መጣ» አለቻት፣ ተነሳች። ሦስተኛዋ «ኧረ ጋደም በይ» ስትላት ፍራሽ ፍለጋ ገባች። ባሏ የሞተባት እሷ፣ አዛዦቹ እኛ።

ለሚኒባሷ ሹፌር ቀጥራ ሞክራ ነበር። የመጀመሪያው ማታ ማታ «ዛሬ ሰው የለም» ይላታል፤ የታክሲ ሰልፉ ግን ድልድዩን አልፎ ሄዷል። ሁለተኛው ሚኒባሷን አበባ በአበባ አድርጎ የገዛ ሠርጉን አጀበባት፤ እሷንም ጠርቷት ነበር፣ «እሺ» ብላ ሄዳ በላች።

በዚህ መሀል የበቀለ ታላቅ ወንድም ፀሐዩ ሽማግሌ ሰበሰበ።

«የወንድሜ ላብ ናት፤ ባዳ እየተጫወተባት ነው» አለ። «እኔ ልያዛት። ለልጆቹም እኔ አለሁ።»

ፀሐዩ «አለሁ» ሲል እንዴት እንደሚኖር የምናውቅ እናውቃለን። ሽማግሌዎቹ ወደ መሰለች ዞሩ፤ «እሺ» ትላለች፣ ይመረቃል፣ ወደየቤታችን እንሄዳለን ብለን ነበር። መሰለች መሬት መሬት እያየች፦

«እኔ ልንዳት» አለች።

አንዱ ሽማግሌ ሳል ያዘው። ፀሐዩ ሳቀ።

«አንቺ? የታክሲ በር እንኳ ሰው ነው የሚዘጋልሽ።»

«እማራለኋ፣ ጋሼ ፀሐዩ።»

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ፈረዱ። እስከ ፋሲካ የሕዝብ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሚኒባሷ የእሷ ናት፣ ፀሐዩም ቃል አይተነፍስም። ካላወጣች ቁልፉ ለፀሐዩ። ፀሐዩ ወዲያው ተስማማ፤ ወንድሙ የታዘዘችውን የማትጥስ ሴት እንዳገባ ያውቃላ።

የጽሑፉን ፈተና ባንድ ጊዜ አለፈች። ኮምፒዩተር ይጠይቃል እንጂ አያዝም። ችግሩ የመጣው ሜዳው ላይ፣ መኪናውን ወደ ኋላ እየነዱ በተተከሉት እንጨቶች መሀል ማስገባቱ ላይ ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ ሰው ብቻውን ፈተና አይሄድም፤ ሐኪም ቤት እንደሚሄድ በሽተኛ ታጅቦ ነው። አጥሩ ላይ ተንጠላጥለን እናግዛለን።

መጀመሪያ ቀን እትዬ አደሴ፣ የሰፈራችን የሁሉም ነገር አዋቂ፣ «ወደ እኔ ስበሪ፣ ልጄ» ብለው ጮሁ። መሰለች ወደ እሳቸው ሰበረች። እትዬ አደሴ የቆሙት ከእንጨቱ ጀርባ ነበር። እንጨቱ ወደቀ።

በሁለተኛው እትዬ አደሴ «ስበሪ» ሲሉ ጋራዥ የሚሠራው ጉዲሳ «መልሺ» አለ። መሰለች ማንንም ማስቀየም አልፈለገችም፤ የሁለቱንም በየተራ ፈጸመች። መኪናው እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ የግራውንም የቀኙንም እንጨት አስተኛ። ፈታኙ አጥሩን እያየ፣ «እህቴ፣ እዚህ ከእኔ ሌላ ፈታኝ አለ እንዴ?» አላት።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ በእሷ ወሬ ከረመ። አንዱ እጇ ነው ይላል፣ አንዱ ዓይኗ፣ አንዷ የቡዳ ነገር ሳይሆን አይቀርም ትላለች። ጆሮዋ ነው ያለ ግን የለም። ፀሐዩ ደግሞ ለሚኒባሷ አዲስ የወንበር ልብስ አሰፋ። ቀይ። ገና ቁልፉ ሳይሰጠው በላስቲክ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞ ይዞር ነበር፤ ማን እንደጠየቀው እንጃ፣ ለሁላችንም አሳየን።

ሚኒባሷ የምታድረው ሙህሲን ሱቅ ጀርባ ባለው ግቢ ነው። ሙህሲን ከስልጤ መጥቶ እኛ ሰፈር ሱቅ ከከፈተ ቆይቷል፤ መንጃ ፈቃድም አለው፣ ዕቃውን ራሱ ያመላልሳል። መሰለች ባዶ የለስላሳ ሳጥኖች ደርድራ፣ በላያቸው የመጥረጊያ እንጨት አቁማ ግቢው ውስጥ ትለማመዳለች። ሙህሲን በጓሮ በሩ በኩል ቆሞ ያያታል፣ ቃል አይወጣውም። ዝምታው አስጨነቃት።

«ሙህሲን፣ ምነው ዝም አልከኝ? ወዴት ልስበር?»

«እኔ ምን አውቄ። መሪው ያለው አንቺ ጋ ነው።»

«ሰው ሲጮህብኝ ይጠፋብኛል እኮ። ካልሰማሁት ደግሞ ይከፋዋል።»

በዚህ መሀል እትዬ አደሴ ስኳር ሊገዙ ሱቁ ገቡ፤ መሰለች ከመሪው ሳትነሳ በተከፈተው የጓሮ በር ታያለች። ሙህሲን ሚዛኑ ላይ ስኳር ሲያፈስ፣ «ጨምር እንጂ፣ ምን ትሰስታለህ፣ ኧረ ጨምር» ይሉት ጀመር። ሙህሲን ማንኪያውን አስቀመጠ። ሁለት እጁን አንስቶ ደረቱ ላይ አጣጠፈ። እትዬ አደሴ ስለ ስስት ተናገሩ፣ ስለ ዘመኑ ተናገሩ፣ ስለ ሙህሲን ሚስት ዝምታም ትንሽ ጨመሩ። ሲደክማቸው ዝም አሉ። የሚዛኑ ቀስት ተወዛውዞ ተወዛውዞ ቆመ። ሙህሲን ቀስቱን አየ፣ ትንሽ ስኳር ጨመረ፣ ቋጥሮ ሰጣቸው። መርቀውት ሄዱ።

«አየሽ?» አላት መሰለችን። «ቀስቱ እየተወዛወዘ የመዘንኩት ልክ ሆኖልኝ አያውቅም። እጄን አነሳለሁ።»

«ቢቆጡስ?»

«ይቆጣሉ። ስኳሩን ግን ይፈልጉታል፣ የት ይሄዳሉ?»

መሰለች መሪው ላይ ያለውን እጇን አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምዷ ሌላ ሆነ። ወደ ኋላ ትጀምራለች፣ መሀል ላይ ታቆማለች፣ የእጅ ፍሬን ትይዛለች፣ እጇን ጭኗ ላይ ታደርጋለች። ትንሽ ቆይታ ትቀጥላለች። በአጥር ቀዳዳ ያየነው «አበደች» አልን።

ከፋሲካ በፊት አንድ የፈተና ቀን ብቻ ቀራት። ለማንም አልተናገረችም። ግን እትዬ አደሴ ጠዋት ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋ ስትወጣ አዩዋት፣ አለቀ። ወሬው ለፀሐዩ ሲደርስ ጊዜ አላጠፋም። የግቢውንና የሚኒባሷን ትርፍ ቁልፍ ከበቀለ ዘመን ጀምሮ ይዞት ኖሯል፤ ሚኒባሷን አስነስቶ ሰፈር መሀል አቆማት።

«ግቡ፣ ነፃ ነው። መሰለችን እናግዝ።»

ገባን። እኔም ገባሁ፤ ነፃ ታክሲ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ሜዳው ስንደርስ ፀሐዩ አጥሩ ላይ በየቦታው አቆመን፤ እትዬ አደሴን በግራ፣ ጉዲሳን በቀኝ።

«ጮክ ብላችሁ ርዷት» አለን። «አንድም ሰው ዝም እንዳይል።»

ያኔ ገባኝ። ገብቶኝም አፌ አልተዘጋም፤ ለጩኸት የተከፈተ አፍ ለሐሳብ አይመችም።

የመሰለች ተራ ደረሰ። በስፖኪዮው አየችን፤ የገዛ ሚኒባሷንም ከኋላችን ቆማ አየቻት። የኋላ ማርሽ አስገባች። መኪናው መነቃነቅ ሲጀምር እኛም ጀመርን።

«ነይ፣ ነይ፣ ነይ።»

«ስበሪ፣ ልጄ። ወደ እኔ ስበሪ።»

«መልሺ፣ መሴ፣ ቀድመሽ መልሺ።»

መኪናው ቆመ። የእጅ ፍሬኑን ስትስብ አየን። ከዚያ ሁለት እጇን ከመሪው አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ቤተ ክርስቲያን ስብከት የምትሰማ ትመስላለች። ፀሐዩ የወንበር ልብሱን ከብብቱ አወጣ።

መኪናው ውስጥ የተባለውን የሰማነው ኋላ ነው፤ ፈታኙ በር ላይ ሻይ ለምትሸጠው ነገራት፣ እሷም ለእኛ።

«ምነው ቆምሽ?» አላት።

«እስኪጨርሱ ነው።»

«እነማን?»

«የሰፈሬ ሰዎች ናቸው።»

«ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ፣ እህቴ።»

«ይሂድ። እኔ በእነሱ አልሄድም።»

አጥሩ ላይ መጀመሪያ ይበልጥ ጮህን። የሚሰማን ሲጠፋ አንድ ሰው ጥፋተኛ መሆን ነበረበት፤ ጉዲሳ ወደ እትዬ አደሴ ዞረ።

«እርስዎ ነዎት ያደናገሯት። ቀድሞ ይመለሳል እንጂ አይሰበርም።»

«አንተ የሰው መኪና ፈትተህ መግጠም ያቃተህ፣ እኔን ልታስተምር?»

«እርስዎ ደሞ ጋሪ እንኳ ነድተው ያውቃሉ?»

«ባሌ ባቡር ነበር የሚነዳው።»

«ባቡር ወዴት ይሰበራል፣ እትዬ?»

እዚህ ላይ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። የግራ ወገን ሆንን፣ የቀኝ ወገን ሆንን። በቀለ በሕይወት እያለ እንዴት ያቆም እንደነበር ምስክር ተጠራ። አንዷ አፈር ላይ በእንጨት መኪና ሣለች፣ ሌላው ሥዕሉን በእግሩ አጠፋባት። ሁላችንም ለሜዳው ጀርባችንን ሰጠን። ፀሐዩ ብቻ መሀላችን እየተራወጠ፣ «ወደ እሷ ጩኹ እንጂ፣ ወደ እሷ» ይላል። ማን ሰምቶት።

ያኔ ነው ቀስቱ የቆመላት። የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ አነሳች፣ የግራውን ስፖኪዮ አየች፣ የቀኙን አየች። እኛ ስለ ባቡር ስንጨቃጨቅ፣ ፀሐዩ ሞት እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ገባች» አለ።

ዞርን። መኪናው በእንጨቶቹ መሀል ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንድም እንጨት አልተነካም።

«እኔ ያልኳትን አደረገች» አሉ እትዬ አደሴ።

«የእኔን ነው እንጂ» አለ ጉዲሳ።

የቀረውንም ፈተና አልፋ ወደ አጥሩ መጣች። ፀሐዩ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«እንኳን ደስ አለሽ። በይ ግቢ፣ ላድርሳችሁ።»

«ቁልፉን» አለች።

«መንጃ ፈቃዱ እጅሽ ሳይገባ?»

«እስኪገባ ሚኒባሷን ሙህሲን ይወስዳታል፤ ደውዬለታለሁ። ሁለቱንም ቁልፍ፣ ጋሼ ፀሐዩ።»

«እነዚህ ሁሉ ሰዎች በምን ይመለሱ?»

እኛን አንድ በአንድ አየችን። ያን ቀን ምነው ባላየችኝ ብዬ ዛሬም እመኛለሁ።

«በመጡበት አፍ» አለች።

ፀሐዩ ሁለቱንም ቁልፍ መዳፏ ላይ አስቀመጠ። እኛ ታክሲ ተሰልፈን፣ እየተገፋፋን፣ ማን ጥፋተኛ እንደነበር እየተከራከርን ተመለስን።

አሁን የኮዬ ፈጬ መስመር ላይ ታገኟታላችሁ። ቀዩን የወንበር ልብስ ከፀሐዩ ገዝታ አልብሳታለች፤ ስፌቱ ጥሩ ነው ትላለች። ባለፈው ሳምንት ተሳፍሬ ነበር። ፀሐዩም ነበረ፣ ከኋላ ወንበር፣ በራሱ ቀይ ልብስ ላይ። መጨረሻው ጋ ልታዞር ወደ ኋላ ስትጀምር ተራ አስከባሪው «ነይ፣ ነይ» አለ፣ ረዳቱ በሩን ደበደበ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እጁን አነሳ። ፀሐዩም አልቻለም፤ «ስበሪ ወደ ግራ» የሚል ነገር አመለጠው።

መሰለች ሞተሩን አጠፋች። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ከኋላችን ሦስት ታክሲ ጡሩንባ ነፋ። ቀስ በቀስ ሁሉም ዝም አለ፤ ተራ አስከባሪውም ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። እሷም በመስታወቱ ወደ ኋላ ወንበር አየች።

«ጨርሰሃል፣ ጋሼ ፀሐዩ?»

«እሺ» አለ ፀሐዩ።

ሞተሩን አስነሳች።